ወንበራቸውን ለማዶ ሰዎች የለቀቁት አቶ ወልደጻድቅ በዛብህ

አቶ ወልደጻድቅ ባቡር ጠጋኝ ከነበሩት ከአቶ በዛብህና ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በ1923 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት፣ ሶማልኛና ኦሮምኛን ከመጋላ ሰፈር ጓደኞቻቸው ተማሩ። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ማዘንጊያ ወልደ ማርያምን አግብተው ተሻለችንና በቀለን ወለዱ።

ቤተሰባቸውን እዚህ ድሬዳዋ አስቀምጠው ያኖሩት፣ በባቡር ተጉዘው ከመስመሩ አጠገብ ካለ ሩቅ ሐይቅ ዓሣ እያጠመዱ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የአጥማጆች ማኅበር ሲቋቋም፣ መረብ የት እንደሚጣልና ሐይቁ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስን ኮሚቴ ተሰየመ፤ እርሳቸውም ሊቀ መንበር ተባሉ። ከሐይቁ ማዶ ያሉት አጥማጆች ግን ለስብሰባው አልተጠሩም። አቶ ወልደጻድቅ ተነሥተው፣ "የማዶ ሰዎች በሌሉበት በሐይቃቸው ላይ አልወስንም። ወንበሬን ለዓምራን ስጡልኝ" አሉ። ዓምራን የማዶዎቹ አጥማጆች ሽማግሌ ነበሩ።

ስብሰባውን የሚመራው የመንግሥት ካድሬ "ምርጫው አልቋል፤ ተቀመጥ!" አላቸው። አልተቀመጡም።

በሳምንቱ እርሳቸውም ዓምራንም ተይዘው እዚህ ድሬዳዋ ታሰሩ። አቶ ወልደጻድቅ "ዓምራን ሕዝብ አሳምጿል" ብለው እንዲፈርሙ ተገደዱ፤ እምቢ አሉ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው "ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ" ሲላቸው ስንቁን እንደያዙ ተመለሱ። ያ ቃል በዚያ ዘመን የሞት መርዶ እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ጮኾ ማልቀስ ስለሚያስፈራ ልቅሶው በትራስ ታፍኖ ተለቀሰ።

ከወራት በኋላ ግን አቶ ወልደጻድቅ ከስተው፣ ተጎሳቁለው ቤታቸው ገቡ። ለካስ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውረው ኖሯል። ዓምራን አልተመለሱም።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሐይቁ ዳግም አልሄዱም፤ አናጢነት ያዙ። የዓምራንን ልጅ ሃሊሞን አምጥተው፣ ሃይማኖቷን እንደጠበቀች ከልጆቻቸው እኩል አሳደጉ። መኪና በራቸው ላይ በቆመ ቁጥር ግን ጫማቸውን አጥልቀው ይጠብቁ ነበር።

ይህን ሁሉ ከሕይወት ታሪካቸው እንድንተወው የመከሩን ዘመዶች አሉ። እኛ ቤተሰቡም ፈርተናል። ሃሊሞ ግን፣ "አባባ ስለ አባቴ አልዋሹም፤ እናንተስ ስለ እሳቸው ለምን ትደብቃላችሁ?" አለችን። ስለዚህ አነበብነው።

አቶ ወልደጻድቅ በልብ ሕመም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ስጋት በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ከቀብር ወደየቤታችን የምንመለሰውንም ይጠብቀን። አሜን።