የሦስተኛው ረቂቅ ስሞች

ውድ ልጄ ሎሴሊ፣

ባለሽበት ብሪዝበን ጤናና ሰላም አይለይሽ፤ እኛ እዚህ ቶንጋ፣ በደሴታችን በቫቫኡ ደህና ነን። አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ፦ ለጥናት መጽሔቱ ልዩ እትም ያዘጋጀሽውን የሃሳብ ማቅረቢያ ሦስቱንም ረቂቆች ቃል በቃል አንብቤ ጨርሻለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ስለመጣ የቦዬው እርሻ አምሮበታል። ጽሑፍሽም አምሯል፤ ያረምኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። የከነከነኝ የአዘጋጆቹ ስም ነው፦ በመጀመሪያው ረቂቅ የእትሙ አዘጋጅ አንቺ ብቻ ነሽ። በሁለተኛው ፕሮፌሰርሽ ከአንቺ ቀጥሎ ገብተዋል። በሦስተኛው እሳቸው ቀድመዋል፤ ሃሳቡ ግን ከነነጠላ ሰረዙ ያንቺው ነው።

ይህንኑ ለእህቴ ለፊናኡ አነበብኩላት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ‹ትልቅ ሰው ይቅደም› እያልክ ያሳደግካት?» አለችኝ። «እኔም የአባቷ እህት ነኝና በወጋችን ድግስ ላይ ከሁሉ ቀድሜ እበላለሁ፤ ግን አሳማውን የጠበስኩት እኔ ነኝ ብዬ አላውቅም!»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን «ይቅደም» ስል ስለ ማዕድ ብቻ መሆኑን ነግሬሽ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

እናትሽ በናፍቆት ትስምሻለች። ረቂቁን ከማስገባትሽ በፊት፣ ስሞቹን እንዲህ የደረደራቸው ማን እንደሆነ እስከ ዓርብ ጻፊልኝ።

አባትሽ ሴሚሲ