በጣት መሀል ጭራሮ

እታገኝ፣

የባኮው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ዝውውሬ ጸድቋል፣ አልመለስም። ቁልፉን ለአከራያችን ለአዴ ድንቅቱ ሰጥቻለሁ። ቡታጋዙ ላምባ ጨርሷል።

ትናንት ቀበሌ አዳራሽ፣ ወላጆች ፊት ቆመሽ፣ «ልጆቻችሁን ጨካኝ ያደረጋቸው ቪዲዮ ቤት የሚያዩት ካራቴ ነው» ስትዪ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አትኩሪብኝ፤ ስብሰባ ላይ ማጨብጨብ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ከዚያ ቤት ስገባ የአዴ ድንቅቱ ልጆች ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ይጫወቱ ነበር። ካራቴ መስሎኝ ቆሜ አየሁ። ትልቋ ሌሎቹን አንበርክካ፣ በጣቶቻቸው መሀል ጭራሮ እያስገባች ትጨምቃለች። ትንሿ ስታለቅስባት፣ «አፍሽን ዝጊ፣ ደደብ!» አለቻት። ቁርጥ ያንቺ ድምፅ!

«ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» አልኳቸው።

«ቲቸር እታገኝ» አሉኝ።

እኔም እንዳንቺ ቪዲዮ ቤት ገብቼ አላውቅም። በጣት መሀል እርሳስ ሲጨመቅ ያየሁት ባንቺ ክፍል መስኮት ብቻ ነው።

ሽሮው ድስት ውስጥ አለ፣ ላምባ ገዝተሽ አሙቀሽ ብዪ።

ደግሞ ደስ ይበልሽ። ተራ ሲቀያየሩ የካራቴውን ጀግና ልሁን ያለ አንድም ልጅ የለም። የተደባደቡት አንቺን ለመሆን ነው።

ሲንቄ