ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም

አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል
ዓርብ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ በዳሳ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሚጠየቀው የተቀባዩ ጤና ነው። አንተ በተዛወርክበት ድሬዳዋ ላይ ደህና መሆንህን እኅትህ ሣራ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ዛሬ በእኔ ጤና ልጀምር። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ እኔም ከጓደኛዬ ከትግስት ጋር አንድ ሙሉ ክትፎ፣ ጥሬውን፣ ከነሚጥሚጣው በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ነው የምጽፍልህ። ቆመህ ከሆነ ቁጭ በል።

ደብዳቤህ ከፓፓያው ጋር ደርሶኛል። ለጨጓራ ይበጃል ብለህ የላክኸውን ፓፓያ ቤተሰቡ በአንድ ምሽት ጨርሶታል፤ እግዜር ይስጥልን። ደብዳቤው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ነቀምት ያሉት እናትህ “በዘሯ በሽታ ያለባትን ልጅ አታምጣብኝ” ማለታቸውን፣ ሽማግሌ መላኩም እኔ ታክሜ እስክድን ድረስ መቆየቱን ጽፈሃል። ይባስ ብለህ በጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ ጨጓራ የሚያይ ሐኪም ፈልገህ ለግንቦት ቀጠሮ አስይዘህልኛል። በዳሳ፣ ቱቦውን አልውጥም። ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገርህ። ባለፈው ሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ወይዘሮ ፈለቀች ምግብ ቤት ይዘኸኝ ገባህ። የጥብሱ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበል ነበር። ሳትጠይቀኝ ሁለት ጥብስ አዘዝክ፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። እጄን ስሰበስብ አየኸኝና “ትጾሚያለሽ እንዴ?” አልከኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ። ግን ቦርሳህ ውስጥ በጋዜጣ የጠቀለልከውን መጽሐፍ ቅዱስ አይቼው ነበር። ጸሎት ቤታችሁ እንደተዘጋና በየሰው ቤት ተደብቃችሁ እንደምትጸልዩ ገብቶኛል። (ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት ሳልሰጥ በሣራ እጅ የምልከውም ለዚህ ነው።) እጾማለሁ ካልኩት ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ ሻይ ይጋብዘኛል፣ በክብር ይሸኘኛል፣ ሁለተኛም አይጠራኝም አልኩ በልቤ። ፈራሁ። ስለዚህ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ “ጨጓራዬን ያመኛል።”

አንተ ደግሞ የሰው ሕመም ስትሰማ ነገር አታቀልም። ጥብሱን አስመለስክና “ለሁለታችንም ሽሮ ያድርጉልን፤ በርበሬ የሌለው!” አልክ። “አንተ እንኳን ብላ እንጂ” ብልህ “አንቺ እያየሽኝ ሥጋ አይወርድልኝም” አልከኝ። ቅቤ እንዳይገባበት ጓዳ ድረስ ሄጄ ለወይዘሮ ፈለቀች በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። እኛን ባዩ ቁጥር በነጠላቸው አፋቸውን የሚሸፍኑት ጥርሳቸውን አሟቸው አይደለም፤ እየሳቁ ነው።

ከሳምንቱ ሰባት ቀን የሜትሮሎጂ ተረኛነትህ ከእሑድ ሌላ የሚለቅህ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ብቻ መሆኑ ግን የማን ጥፋት ነው? እሑድ የት እንደምትውል ስለማውቅ ጠይቄህ አላውቅም። በቃ ለእኛ የደረሱን ሁለቱ የጾም ቀኖች ሆኑ። የሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ ስል ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። እኔ ሚጥሚጣ በማንኪያ የምልስ ሴት፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጫ በላሁ!

ገርጂ የሄድንበት ዓርብ ደግሞ አለልህ። ማሳውን አቋርጠን፣ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ “ለጨጓራ ከትኩስ ወተት የሚበልጥ የለም” እያልክ እዚያች ላም ያላት ሴትዮ ቤት አደረስከኝ። በኦሮምኛ ምን እንዳልካት እንጃ፣ በሐዘን አንገቷን እየነቀነቀች አንድ ትልቅ ዋንጫ ወተት ሞልታ ሰጠችኝ። አንተ ያንተን ጭልጥ አደረግህ። ከዚያ ሁለታችሁም እስክጠጣ ድረስ ከፊቴ ቆማችሁ ጠበቃችሁኝ። ምን ላድርግ? “ለእናቴ ልውሰድላት፣ እሷንም ጨጓራዋን ያማታል” አልኩ። ወተቱ በጠርሙስ ተገልብጦ የጎረቤት ልጆች ሆድ ገባ። አንተ ግን መገናኛ ስንደርስ “በዘር ነው ማለት ነው” አልክ። ነቀምት የደረሰችው ወሬ ይህች ናት። እናቴ ድንጋይ ብትበላ አይጎረብጣትም።

ውሸቴ ሊጋለጥ ትንሽ የቀረው እዚሁ ሰፈሬ፣ ሸሪፋ ሳምቡሳ ቤት ነው። የምስር ሳምቡሳ ይዘሽ ነይ ብለህ በሩ ላይ ስትጠብቀኝ ሸሪፋ “ዛሬስ ቃሪያውን ተውሽው?” ብላ ጮኸች። በዓይኔ ለመንኳት። አንተ ዞር ስትል ግን አላስቻለኝም፣ አንድ ቃሪያ እንዳለ ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ “አመመሽ? ታክሲ ልጥራ?” ብለህ ልትሸከመኝ ምንም አልቀረህም ነበር።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ብጽፍም አንድ ነገር ሳልስቅ ልንገርህ። የአየር ማረፊያው ሰገነት ላይ አውሮፕላን ስናይ ቆይተን፣ የእንጦጦን ደመና እያሳየኸኝ “ይሄ ቦሌ አይደርስም፣ እኔ ነኝ ያልኩት” ብለህ ማልክ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደብን። ኮትህን አልብሰኸኝ፣ አንተ ሸሚዝህ ተጣብቆብህ፣ “ብርድ ለጨጓራ መጥፎ ነው” ስትል ወደድኩህ። ነግሬህ አላውቅም። እውነቱን ልነግርህ አፌን የከፈትኩትም የዚያን ቀን ነበር፤ ግን ከእውነቱ ጋር አንተም እንዳትሄድ ብዬ ዘጋሁት።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ፣ ለእማዬና ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማዬ በዘር ታማሚ መባሏን ስትሰማ ለአፍታ ተቆጥታ ነበር። የፈራሁት አባባን ነው። አባቴን አቶ ገብረየስን አታውቃቸውም፤ ሆስፒታል ተኝተው እንኳን ረቡዕን ያልሻሩ ሰው ናቸው። ጋዜጣቸውን አጣጠፉና “ጴንጤ ነው የምትይኝ?” አሉኝ።

“አዎ አባባ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

“እሱስ ምን ይበላ ነበር?”

“እኔ የበላሁትን። አንቺ እያየሽኝ ሥጋ አይወርድልኝም ይላል።”

“ረቡዕና ዓርብ?”

“ረቡዕና ዓርብ። ፍልሰታንም፣ ዓቢይ ጾምንም እስኪሄድ ድረስ።”

“በስንት ሰዓት?”

“ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። የምንገናኝበትን ሰዓት የምወስነው እኔ ነኝ።”

“ሰዓቱንም ጠብቆ!” ብለው እማዬን አዩአት። “ወተትስ?”

“አንድ ቀን፣ ገርጂ ላይ።”

“አንዷን እንለፋት” ብለው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ብዙ ዓመት ሆኖኛል። “አጎትሽ ቢተው እንኳ ክርስትና ተነስቶ፣ ማተብ አስሮ፣ ዘጠኝ ወር እንዲህ አጥብቆ ጾሞ አያውቅም” አሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ “ስለ ሃይማኖቱ ብዙ የምንነጋገረው አለን፣ በቀላሉም አንስማማም። ግን ላልታመመች ልጅ ይህን ያደረገ ሰው የታመመች ቀን አይጥላትም። ሽማግሌዎቹን ይላክ በይው።”

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከእማዬ ጋር ተቃቅፈን ነው ያለቀስነው።

አሁን የቀረው ያንተ ፈንታ ነው። ዘጠኝ ወር ዋሽቼሃለሁ፤ ቅር ቢልህ አልፈርድብህም። ይቅር ካልከኝ ግን የሐኪሙን ቀጠሮ ሰርዝና በዚያው ቀን ና። በዓለ ሃምሳ እስኪያልቅ፣ እስከ ግንቦት 21 ድረስ፣ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም። ሰገነቱ ላይ ማኪያቶ እጠጣለሁ፣ ገርጂ ለዚያች ደግ ሴትዮ መዳኔን አሳያታለሁ፣ ሸሪፋ ቤት ቃሪያዬን በፊትህ እበላለሁ። መጀመሪያ ግን ወይዘሮ ፈለቀች ቤት እንግባ፤ ያን ባለፈው ሰኔ ያስመለስከውን ሁለት ጥብስ እንደገና እዘዝልኝ።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ እኔ ወደ ሽሮዬ እመለሳለሁ፤ በርበሬ ያለው ሽሮ። ያኔ ደግሞ እጾማለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ እነግርሃለሁ፣ አንተም ሥጋህን ከፊቴ ትበላለህ። እያየሁህም ይወርድልሃል።

ጤነኛዋ
ፀሐይነሽ