የመንታ እህትህ ወተት

ይድረስ ለልጄ፣

የመንታ እህትህን ወተት ለአንተ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ከቤታችን ሰው ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አባትህን እንኳ ሳልነግረው ነው አፈር ያለበስኩት።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ሚስትህስ እንቅልፍ ታገኛለች? ትንሿ ልጃችሁስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ወለል ስወለውል ብቻ ነው የሚያኮርፈው።

ሚስትህ ባለፈው ደውላ ልጅቷ እንደከሳች፣ የክትባቷ ቀን እንደደረሰ፣ አንተ ግን «ያልተከተብኩት እኔ ተርፌ የተከተበችው እህቴ ሞታለች፤ አልወስዳትም» እንዳልክ ነገረችኝ። ይህን ነገር ከልጅነትህ ጀምሮ ስትለው ዝም ብዬሃለሁ። አሁን ግን ዝምታዬ ለልጅ ልጄ ሊተርፍ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የኩፍኝ ክትባቱ ቀን አንተን ትኩሳት ስለያዘህ እቤት ተውኩህና እሷን ብቻ ወሰድኳት። በዚያ ሰሞን አባትህ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ለሁለታችሁ የምትገኘው ወተት አንዲት ኩባያ ናት። እኔም «እሷ ተወግታለች፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካትም፤ ያልተወጋው ይጠንክር» ብዬ ኩባያዋን ወደ አንተ አዞርኳት። ለእሷ የሩዝ ውሃ እሰጣት ነበር። አንተን ጎረቤቱ «ድብልብል» እያለ ሲቀባበልህ የእሷ ክንድ እየቀጠነ ሄደ። አታለቅስም ነበር፤ እኔም ጨዋ ልጅ እያልኩ አመሰገንኳት። ኩፍኝ ሲገባ ሁለታችሁንም ያዛችሁ። አንተ ተነሳህ።

እንደምታውቀው ማንበብ የለመድኩት ከማጸዳበት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ነው። በቀደም ስለ ምግብ እጥረትና ስለ ክትባት የሚያወራ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፎ ባይ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ነርሷን ስጠይቃት፣ «እማማ፣ ክትባት ሰውነትን ማስተማር ነው፤ የተራበ ሰውነት በባዶ ሆዱ ክፍል እንደገባ ተማሪ ነው፣ አንዳንዴ ትምህርቱ በደንብ አይገባውም» አለችኝ። ታዲያ የከሳ ልጅ መከተቡ ምን ይሠራል ብላት ሳቀችብኝ። «የራበው ተማሪ ከትምህርት ቤት ይቅር ይባላል እንዴ? በሽታ የሚበረታው በከሳው ላይ አይደል? ይከተብ፣ ይብላም!» አለች። የኩባያዋን ነገር ስነግራትም፣ እህትህ የሞተችው ወተቱን በማጣቷ ይሁን በሌላ ማንም ሊምልልኝ እንደማይችል ነገረችኝ። ያጽናናችኝ መስሏት ነው።

ልጄ፣ አንተን ያተረፈህ አለመከተብህ አይደለም። ይህን የምጽፍልህ በጠጣኸው እንድትጸጸት አይደለም፤ አንተ ሕፃን ነበርክ፣ ኩባያዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ግን ዛሬ ነገ ሳትል ውሰዳት። ክንዷን ይለኩላት፣ ክብደቷን ይዩላት፣ ትከተብ። ስትመለሱም ተወግታለች ብላችሁ ማንኪያዋን እንዳታሳንሱባት።

አማትህን ስለ ደግነታቸው አመስግንልኝ። ሚስትህን ስለ ስልኩ እግዜር ይስጥልኝ በላት። የልጅቷን ጉንጮች ሳምልኝ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአክስቷ።

እናትህ
ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ አንሶላ ማስጫው አጠገብ
ሚያዝያ 9 ቀን

አንብበህ ስትጨርስ አትቅደደው፤ ለሚስትህ ስጣት፣ እሷም ታንብበው።