የአባዬ ጥም

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 4 ቀን 1973

ሙቀት። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ክፍል ተኛ። አልቀሰቀስኳቸውም። እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም...

ቤት ስገባ አባዬ ጠዋት በተውኳቸው ቦታ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ከገራዶ ካመጣኋቸው ሦስተኛ ሳምንት። ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ነበር። እዚያ ግን ብርድ ነበር፤ እንዲህ አያስጠማም።

"አባዬ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡ።"

"አሁንስ አበዛሽው። ዝናብ ነሽ እንዴ?"

ሳቅኩ። ምኑ ነው ያሳቀኝ?

ግንቦት 5

አንድ ጆግ ውሃ አጠገባቸው ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ባዶ። ደስ አለኝ።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ለቀበሌ ስብሰባ በጊዜ ተለቀቅን። ቀድሜ በቤት ልለፍ አልኩ። ጎረቤቴ ዘይቱና አጥሩን ተደግፋ ትስቃለች።

"ሳፊያ፣ አባትሽ ዶሮዎቼን ሊወርሱኝ ነው! በየቀኑ ጆግ ሙሉ ውሃ እያጠጡ!"

ገብቼ ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ ጮህኩ። ቀስ ብለው፦

"ያመልጠኛል።"

"ምኑ?"

"ሽንቱ ነዋ። ሰላት ላይ ቆሜ አመለጠኝ። ሁለቴ። ካልጠጣሁ አይመጣም... ቆሽሼ አላህ ፊት ልቁም?"

ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ለማንም አትናገሪም። ወላሂ በይ።"

ወላሂ አልኩ።

ስብሰባው ላይ ስሜ ሲጠራ "አለሁ" አልኩ። ምን እንደተወራ አላውቅም።

ግንቦት 8

ሾርባ አቀጠንኩ። ብርቱካን ላጥኩ። ሁለት ፍልቃቂ ጎረሱ፤ ሦስተኛውን በእጃቸው መለሱት። ለካ ይህንንም ያሰሉታል።

ግንቦት 9

ሼህ ጀማሉዲንን ብጠይቅስ? መስጊዱ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መሐላውስ? ደግሞስ ምን ብዬ? የአባቴን ሽንት... የያዘኝ መሐላው ነው ወይስ እፍረቱ?

አልሄድኩም።

ግንቦት 10

አልሄድኩም።

ግንቦት 11

ጠዋት "ከሪማ" ብለው ጠሩኝ። እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ።

ትምህርት ቤቱን ትቼ ወደ ሼሁ ሮጥኩ። "አንድ ሰው አለ..." ብዬ ጀመርኩ። ስም አልጠራሁም። አላስጨረሱኝም።

"ያ ሰው ታሟል እንጂ አልቆሸሸም። ለየሰላቱ ታጥቦ ውዱእ ያድርግ፤ ከዚያ ወዲያ ቢያመልጠውም ሰላቱ ሰላት ነው። ይጠጣ! ራስህን በጥም ጉዳ ያለው ማን ነው?"

ይኸው ነው። ይህን ለመስማት አራት ቀን።

ስመለስ አባዬ ደጃፉ ላይ ወድቀዋል። ዘይቱና ራሳቸውን ታቅፋ ትጣራለች። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ድሬሰሩ ክንዳቸውን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀ። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"ውሃ አትሰጧቸውም እንዴ?" አለ።

ዘይቱና አየችኝ። ግሉኮስ ሰቀለላቸው።

ግንቦት 14

ነቅተዋል። የሼሁን መልስ ጆሯቸው ሥር ነገርኳቸው። ደግሜ ነገርኳቸው።

"ደግ ሰው ነው" አሉ። ይህን ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

ግንቦት 17

ቤት ገባን። ድሬሰሩ "አእምሯቸው ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" ብሏል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው።

ግንቦት 24

ዛሬ ስምንት ኩባያ ጠጡ። ከንፈራቸው ድኗል። ጨርቃቸውን ስለውጥ አያፍሩም። እግራቸውን ራሳቸው ያነሱልኛል...

ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ አዛን ሲባል ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ አቀረብኩ። ውዱእ ላስደርጋቸው።

"አባዬ፣ ሰላት ደርሷል።"

"ምን ደርሷል?"

እጃቸውን ይዤ ልጀምር ስል ማንቆርቆሪያውን ተቀበሉኝ። ከአፉ ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪያልቅ ጠጡ። አዛኑ ገና አላለቀም ነበር።

"ጨምሪልኝ" አሉ።

ጨመርኩላቸው።