ዴንቨር ላልደረሰው ሞተርሆም የቀረበ ምስጋና

ከኦቤትስ አለፍ ብሎ፣ ከሩቅ በሚታየው ትልቅ ባንዲራ ሥር ለሚገኘው የሞተርሆም መሸጫ፣
ለተከበሩ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣
ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ኦገስት 1996

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በማስቀደም የእርስዎን ጤና፣ የባልደረቦችዎን ጤና፣ በተለይም ከኤፕሪል ወር ጀምሮ እጅግ ሲያሳስበኝ የቆየውን የስልካችሁን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ስለምመልስ ነው እንጂ፣ ካለፈው ወር ወዲህ ደህና መሆኔንም አለመሆኔንም የምለይበት ነገር ጠፍቶብኛል።

ስሜ ፋንቱ ጀማነህ ይባላል። ቤክስሊ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምተዳደር፣ የደንበኛችሁ የአቶ ዓባይነህ ባለቤት ነኝ። ባለፈው ሳምንት “አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው” የሚል ካርድ በፖስታ ልካችሁልኝ ደርሶኛል። ካርዱ ላይ የሚጠቆሩ አምስት አምስት ክቦችና ለማብራሪያ የተተወ አንድ መስመር አለ። አንዷ መስመር ስላልበቃችኝ ይህን ደብዳቤ ከካርዱ ጋር አያይዣለሁ።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ። በእንግሊዝኛ አራት ደብዳቤ ጽፌ፣ ከሠላሳ ጊዜ በላይም ደውዬ መልስ ስላጣሁ፣ ቋንቋው ለውጥ እንደማያመጣ ገባኝና እንግዲያውስ ለእኔ የሚቀለኝ ይሁን ብዬ ነው። የድርጅታችሁን ስምም አልጠራሁም። ደብዳቤው የአገሬ ልጆች እዚህ ከተማ በሚያባዙት ወርኃዊ መጽሔት ላይ ስለሚወጣ ነፃ ማስታወቂያ እንዳይሆንባችሁ ሰግቼ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባዎ፣ ባለቤቴ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ ያደረበት ካንሰር አከርካሪው ውስጥ መግባቱ ታወቀ። መቀመጥ አቃተው፣ የሚችለው መተኛት ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ሰመርን ማለፉ ያጠራጥራል አለን። አውሮፕላኑም አውቶቡሱም መቀመጥ ነውና አልጋ ያለው መኪና፣ ሞተርሆም፣ ፈለገ። ሌላው ሰው ከእናንተ ዘንድ ለመዝናናት እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ እኛ የገዛነው ግን አልጋውን ነው። አሳቡ ዴንቨር ድረስ ተኝቶ ሄዶ፣ እዚያ ሲደርስ እንደምንም ተነሥቶ በታላቅ ወንድሙ በጋሽ ሰብስቤ እግር ላይ ለመውደቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እናንተ ዘንድ መኖሩን ስለማላውቅ ላስረዳ። በእኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ሄደው፣ አስቀምጠውት፣ ከጎኑ ሆነው ነው የሚነግሩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናታቸው ደሴ ሲያርፉ ባለቤቴ ይህን አላደረገም። ወሬው ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ሳለ ደረሰው፣ ብቻውን መያዝ አቃተው፣ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ወንድሙን ከሚሠራበት ሆቴል በስልክ አስጠርቶ ነገረው። ጋሽ ሰብስቤ የእንግዳ ሻንጣ እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ቆሞ፣ በሰው ፊት ሰማ። “እናቴን በስልክ ቀበርክብኝ” አለና ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። ዓባይነህ ሲታመም “በስልክ ያጠፋሁትን በስልክ አላስተካክለውም፣ ሄጄ ነው” አለ። እኔም ለወንድሙ እንዳልደውል አስማለኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከመፈረማችን በፊት ስለተደረገልን መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ። ሻጫችሁ ሚስተር ዴል በቀን ሦስት ጊዜ ኮል ያደርግልን ነበር። አንድ ቀንማ አንዲት አሮጊት ገላ እያጠብኩ ሳለ ሥራ ቦታዬ ደውሎ አስጠርቶኛል፤ በሳሙና እጄ አነጋገርኩት። ለምን እንደምንገዛ ሲጠይቀን የዋሆች ነንና ሕመሙንም፣ ዴንቨርንም፣ ወንድሙንም አንድ ሳናስቀር ነገርነው። ዴል ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የባለቤቴንም እጅ ያዘ። ከፈረምን በኋላ ድምፁን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ። ልንረከብ በመጣን ዕለት ዝናብ ጥሎ ነበርና፣ ጣሪያው ልክ ከአልጋው በላይ እንደሚያፈስ ያለ ምንም ተጨማሪ ምርመራ ለማወቅ ችለናል። “ለአንድ ሳምንት ተዉልን” አላችሁ። ሳምንቱ አሥራ አራት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኘሁት መልስ “ዕቃው ከኢንዲያና እየመጣ ነው” የሚል ሲሆን፣ ይህንንም የሰማሁት እኔ ስደውል እንጂ እናንተ ደውላችሁ አይደለም። ኢንዲያና እኮ ጎረቤት ነው! ባለቤቴ በሳምንት ሁለቴ ይመላለስበት ነበር። ተኝቶ ሳለ መንገዱን በሆስፒታል የናፕኪን ወረቀት ላይ ነድፎ፣ የት ቁርስ እንደምበላ ጭምር ምልክት አድርጎ፣ “ፋንቱ ሄዳ ታምጣው በያቸው” ብሎ ለባልደረቦችዎ እንዳደርስ ሰጠኝ። አደረስኩ። “ፋይል ውስጥ እናስገባዋለን” ተባልኩ፤ እዚያው በክብር እንደተቀመጠ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኛም እስከዚያው ሥራ አልፈታንም። የምነዳው እኔ ነበርኩና ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያናችን ቫን ላይ የኋላውን ወንበር አስወልቆ፣ ፍራሽ አስነጥፎ፣ እዚያ ተኝቶ ፓርኪንጉ ውስጥ ትልቅ መኪና አስተማረኝ። ውጭውን ሳያይ፣ ከሞተሩ ድምፅ ብቻ ስህተቴን ያውቅ ነበር። “ቀስ በይ እንጂ፣ ጎማው ሥር እንቁላል አለ ብለሽ ንጂ!” ይለኝ ነበር። በሜይ መጨረሻ ላይ “አሁን ደርሰሻል” አለኝ። በእውነቱ ደርሼ ነበር፤ ያልደረሰው መኪናው ነው።

ሦስተኛ። የደንበኛን ምሥጢር ስለምትጠብቁበት ጥንቃቄ። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለችና የእኔና የባለቤቴ ስም አይመሳሰልም። በዚህ ምክንያት ባልደረቦችዎ “ከደንበኛው ጋር የተመዘገበ ዝምድና የለዎትም፣ ባለጉዳዩ ራሱ ይደውል” አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ዝምድና አለመመዝገቤን እዚህ ቁጭ ብዬ አወቅሁ። ባለጉዳዩ ሞርፊን ላይ መሆኑን አስረድቼ ነበር። “ሲሻለው ይደውል” ተባልኩ።

አራተኛ። ባለጉዳዩ ደወለ። ሥራ ስሄድ ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ጆሮው ሥር አድርጌለት እሄዳለሁ፤ ስመለስ የማስጠበቂያ ሙዚቃችሁ ገና ይጫወታል። በየመሀሉ “ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው” የምትለዋን ሴት “እግዜር ይስጥሽ” ይላት ነበር። በጁን ወር ብዙ ነገር ሲረሳ ያንን ዜማ ግን አልረሳውም፤ ሲያንጎራጉረው እሰማው ነበር። አሁን እኔም ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል።

አምስተኛ። ይህኛው ከሁሉ የሚበልጥ ውለታ ስለሆነ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9 ቀን፣ ዓባይነህ አረፈ። ለጋሽ ሰብስቤ አልደወልኩም። ዴንቨር ላሉ ሦስት የእምነት ወንድሞች ነገርኩና በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቤቱ ሄደው፣ በሩን አንኳኩተው፣ አስቀምጠው ነገሩት። ይህን በሚገባ ፈጽሜዋለሁ። በሕይወት እያለ ግን መሐላውን ጥሼ ልደውልለት ይገባኝ ነበር፤ በየቀኑ “ነገ መኪናው ይደርሳል” እያልኩ ሳልደውል ቀረሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በእናንተ አላሳብብም። እናንተ ግን “እየመጣ ነው” ስትሉኝ አምኛችሁ ነበር።

ጋሽ ሰብስቤ ለቀብሩ ደረሰ። ዓርብ ቀበርን። አላለቀሰም፤ “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላሰበኝም” ብሎ ለአንድ ሽማግሌ መናገሩን ሰማሁ። እውነቱን ልነግረው አስቤ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሳሎናችን በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ማንም ስላላነሣው አንሰሪንግ ማሽኑ ተቀበለው። ማሽኑ መልእክቱን እየቀዳ ጮክ ብሎ የሚያሰማ ዓይነት ነው። የመጣው የሚስተር ዴል ድምፅ ነበር፤ ከማርች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው፣ ምንኛ ደስ ያለው ድምፅ! ታላቅ የምሥራች አለኝ አለ። ሞተርሆሙ ተዘጋጅቷል፣ ና ውሰድ አለ። ዴንቨር ላለው ወንድምህ ደውልና እየመጣሁ ነው በለው፣ ሥጋውን ይጥበስ፣ ከእንግዲህ የሚያጣላችሁ ነገር አይኑር አለ። በመጨረሻም መልካም ጉዞ ተመኘልን።

እንግሊዝኛ የሚሰሙት አንገታቸውን ደፉ፤ የማይሰሙት ደግሞ የሌሎቹን ፊት ያዩ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ “ሊመጣ ነበር እንዴ?” አለኝ። አዎ ጋሼ አልኩት። መኪናው ከማርች ጀምሮ የተገዛ መሆኑን፣ ለምን እንደተገዛም ነገርኩት። ተነሥቶ ማሽኑ አጠገብ ተንበረከከ፣ መልእክቱን ደግሜ እንዳሰማው ለመነኝ። ሦስት ጊዜ ሰማው። በሦስተኛው “ወንድሜ፣ ወንድሜ” እያለ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ አራት ሰው ነው ያነሣው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ በሰው አፍ፣ በአካል፣ በክብር ሊያደርሰው የፈለገውን ቃል እናንተ በስልክ አደረሳችሁለት። በአሥራ አራት ሳምንት ውስጥ እኛ ቤት የደወላችሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያቺ አንድ ጊዜ ግን አልባከነችም።

ጋሽ ሰብስቤ ሰኞ ሲመለስ ከማሽኑ ውስጥ ትንሿን ካሴት አውጥቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ይዟት ሄዷል። ሌላ አልገዛሁም። ከዚያ ወዲህ ደውላችሁ ከሆነ መልእክታችሁ ያልደረሰኝ በዚህ ምክንያት መሆኑን በታላቅ ይቅርታ አሳውቃለሁ።

መኪናውን ተረክቤያለሁ፤ ዋይንላንድ ፓርክ በሚገኘው ቤቴ ፊት ለፊት ቆሟል። ትናንት ዝናብ ሲጥል ገብቼ አልጋው ላይ በባለቤቴ በኩል ተኛሁ። አሁንም ያፈሳል። ግንባሬ ላይ ሲንጠባጠብ አልተነሣሁም፤ መነሣት እንዳለብኝም አልታየኝም።

እንዲጠገን አልጠይቅም። ካሳም፣ የይቅርታ ደብዳቤም አልሻም። ከእንግዲህ እንድትደውሉልኝም አላስቸግርም። በካርዳችሁ ላይ “ግንኙነት” ከሚለው ጎን አምስተኛውን ክብ፣ “እጅግ በጣም ጥሩ” የሚለውን፣ በደንብ አጥቁሬላችኋለሁ።

የምትጠብቁት ዕቃ ሁሉ በሰዓቱ እንዲደርስላችሁ፣ የምትደውሉለት ሁሉ በሕይወት እንዲያነሣላችሁ እየተመኘሁ፣ በመዝገባችሁ ላይ ከደንበኛው ጋር ዝምድና የሌላት፣

ፋንቱ ጀማነህ
የዓባይነህ ሚስት

ማስታወሻ፦ በካርዱ ጀርባ ያለውን የመጨረሻ ጥያቄ ዘንግቼው ነበር። “ድርጅታችንን ለቅርብ ዘመድዎ ያስተዋውቃሉ?” ይላል። ባለቤቴ በዚህ አገር ያለው የቅርብ ዘመድ አንድ ወንድሙ ብቻ ነው። እሱ ድምፃችሁን ሰምቷል፤ በየቀኑም ከሥራ ሲገባ እንደሚሰማው ነግሮኛል።