መብራቱ ሳይጠፋ ስለነቀልኩት ሚሞሪ

ቀን፦ መጋቢት 19
ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በክፍል ኃላፊዬ ላይ የተጣለው እገዳ ተነሥቶ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በሰርቨር ክፍል ስድስት ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ። ቀጥሎ ያለውን ከአሥራ አንድ ቀን በፊት መናገር ነበረብኝ።

1. የሕሙማንን መዝገብ የያዘው ሰርቨር ሥራ ሳያቋርጥ ዕቃ ይቀየርለታል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የተበላሸውን ሚሞሪ (መረጃ የሚይዝበትን ካርድ) እንዲለቅ መጀመሪያ ይታዘዛል፤ ሥራውን ወደ ሌሎቹ ሚሞሪዎች አዛውሮ ሲጨርስ ከጎኑ ያለው መብራት ይጠፋል፤ የሚነቀለው ያኔ ብቻ ነው።

2. መጋቢት 8 ጠዋት ለማሽኑ ትእዛዙን የሰጡት ኃላፊዬ ናቸው። «ቆይ» ከአፋቸው ስለማይለይ በዚሁ ስም እናማቸዋለን። ለስልክ ሲወጡ፣ «ቆይ፣ መብራቱ ሳይጠፋ እጅህን እንዳታስገባ» አሉኝ። እኔ ግን ስንቱን ቀይሬ እጄ ለምዷልና መብራቱ ዘገየብኝ። ነቀልኩት። ሰርቨሩ ቀጥ አለ።

3. ለሠላሳ አምስት ደቂቃ አንድም መዝገብ አልተከፈተም። በዚያ ሰዓት በማዋለጃ ክፍል ደም የሚፈሳት እናት ነበረች፤ የደም ዓይነቷ የተጻፈበት መዝገብ ስላልተከፈተ ደሟ እንደገና እስኪመረመር ጠበቀች። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። በማግሥቱ ልጠይቃት ስሄድ ባለቤቷ ባጄን አይቶ፣ «እናንተ ባትደርሱልን ኖሮ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ባጄን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ።

4. አጣሪ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ «ማን እንደነቀለው አላየሁም» ብዬ ፈረምኩ። ትእዛዙ በኃላፊዬ ስም ስለተሰጠ እሳቸው ታገዱ። የነቀልኩት እኔ መሆኔን እያወቁ ስሜን አላነሡም። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ለምን ዝም እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ «ካንተ አፍ ሲወጣ ልስማው ብዬ ነው» አሉኝ። ያቀረቡልኝን ሻይ ትቼ ተነሣሁ።

ስለዚህ ኃላፊዬ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ የሰጠሁት የሐሰት ቃል እንዲሰረዝና ተገቢው ቅጣት በእኔ ላይ እንዲወሰን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቅጣቱ እንዲቀልልኝ አልለምንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ራሴን ስለማውቀው፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርቼ የዚህን አቤቱታ ቅጂ ዛሬ ጠዋት በክፍላችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን የመጨረሻ አንቀጽ ስጽፍ ሰዎች ቆመው እያነበቡት ነው።

ከአክብሮትና ከእፍረት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሰርቨር ክፍል ቴክኒሻን